ከታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ፦ እኛና የካርቱም ዓባይ



 የመጽሔቱ አዘጋጆች «እናንተ የሪያድ ሰፈር ሦስት ቤተሰቦች፣ ስለዚያች አሮጌ ጀልባችሁ አንድ ነገር ጻፉልን» ባሉን ጊዜ መጀመሪያ ሳቅን። ስለ ት/ቤቱ፣ ስለ እድሩ፣ ስለ በዓላቱ የሚጻፍ ብዙ ነገር እያለ ስለ አንዲት የተላላጠች ጀልባ ማን ያነባል? ብለን ነበር። ቁጭ ብለን ስናወራው ግን የጀልባዋ ታሪክ ብቻውን እንደማይቆም ተረዳን። በካርቱም የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከአገራችን ጋር የተገናኘንበት የመጀመሪያው መንገድ ውኃ ነው። ስለዚህ ጽሑፋችንን ከጀልባችን በፊት ከነበሩት ጀልባዎች እንጀምራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲረዱልን እንጠይቃለን።

ደንገልና ሱንት

ዓባይ ከጣና ሲወጣ የሚያውቀው ጀልባ ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በእስር በእስር ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ከዚያም ሰውም ማገዶም እህልም ይጭናል። ከዘጌና ከደሴቶቹ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ጭነው የሚመጡትን ታንኳዎች ያላየ የባሕር ዳር ልጅ የለም። ነገር ግን ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ከውኃ አውጥቶ፣ አቁሞ፣ በፀሐይ ማድረቅ አለበት። ይህን ያልጠበቀ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌላ ታንኳ ማሰር ይጠበቅበታል።

ወደ ሱዳን ስንወርድ ደንገሉ ቀርቶ እንጨት ይመጣል። በኦምዱርማን የአቡ ሮፍ የጀልባ ሠሪዎች አረቦች ሱንት ከሚሉት የግራር ወገን ዛፍ አጫጭር ሳንቃዎችን እየጠረቡ፣ አንዱን ከአንዱ በምስማር እያያያዙ ትልልቅ የሸራ ጀልባ ሲሠሩ ኖረዋል። የሱንት እንጨት ጠንካራና ከባድ ነው፤ ውኃም በቀላሉ አይበላውም። የእንጨት ጀልባ ጠላቱ ውኃ ሳይሆን ፀሐይ ነው። በካርቱም ሙቀት ከውኃ ውጭ የከረመ ጀልባ ሳንቃው ይኮማተርና መገጣጠሚያው ይከፈታል። ስለዚህ ባለ ጀልባው ክፍተቱን በጥጥና በቅባት እየደፈነ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ጀልባውን ውኃ ውስጥ አስጠምጦ እንጨቱ እስኪያብጥ ይጠብቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ታንኳ የሚድነው በማድረቅ ነው፣ የሱንት ጀልባ የሚድነው በማርጠብ ነው። ወንዙ አንድ ነው፣ አያያዙ ግን ለየብቻ ነው። የእኛም ጀልባ ከሁለቱም የተለየ አያያዝ እንደምትፈልግ ያወቅነው ብዙ ቆይተን ነው።

ከካርቱም እስከ ጋምቤላ

ብዙዎቻችን ወደ ሱዳን የመጣነው በመተማና በገላባት በኩል፣ በመኪና ወይም በእግር ነው። ከእኛ በፊት ግን የውኃ መንገድ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር ግንቦት 15 ቀን 1902 በተፈራረሙት ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ፈቀዱላቸው። ቦታው በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣቢያው በመጨረሻ በጋምቤላ ቆመ።

ከካርቱም የሚነሣው የእንፋሎት መርከብ በነጭ ዓባይ ሽቅብ ወደ ማላካል፣ ከዚያ በሶባት፣ ከዚያም በባሮ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጋምቤላ ይደርስ ነበር። ሲሄድ ጨርቅና ጨው፣ ሲመለስ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭናል። ቡናው ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ አካባቢ በበቅሎና በሰው ጀርባ እየወረደ በጋምቤላ ይጠራቀማል። ይሁንና መርከቡ የሚሄደው ባሮ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር። ውኃው ሳይጎድል ጭኖ መውጣት ግድ ነው፤ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። የጋምቤላ ነጋዴ ቀን የሚቆጥረው በወንዙ ከፍታ ነበር ማለት ይቻላል።

ጣቢያው ሱዳን በ1956 ነጻ እስክትወጣ ድረስ ከሱዳን ይተዳደር ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመንገድና የባቡር ንግድ እየበረታ ሲሄድ የወንዙ ንግድ ተዳከመ። እኛ በካርቱም ሱቆች «የሐበሻ ቡና» ሲባል ስንሰማ፣ ያ ቡና በአንድ ወቅት በውኃ ተጉዞ እዚሁ የወንዝ ወደብ ላይ ይራገፍ እንደነበር ልጆቻችን እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

ሐበሻ ልጅ በሚባለው ቦታ የተጠገነ መርከብ

በካርቱም የጀልባ ታሪክ ውስጥ እኛን ከሁሉ የሳበን አንድ የጥገና ታሪክ ነው። በጥር ወር 1885 መጨረሻ ማህዲስቶች ካርቱምን ከያዙና ጄኔራል ጎርደን ከተገደለ በኋላ፣ እንግሊዞችን ጭነው ዘግይተው የደረሱት መርከቦች ወደ ኋላ ሲመለሱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭተው ተሰበሩ፤ ሰዎቹም በአንድ ደሴት ላይ ቀሩ። እነሱን ለማዳን «ሳፊያ» የምትባል ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ተላከች። የካቲት 3 ቀን 1885 ዋድ ሐበሺ በሚባል ቦታ ካለው ምሽግ የተተኮሰ ጥይት ቦይለሯን በሳት፤ እንፋሎቱም ወጣ። የቦታው ስም ትርጉም «የሐበሻ ልጅ» ማለት መሆኑን አረብኛ የምታውቁ ወዲያው ተረድታችኋል።

መርከቢቱ ከምሽጉ ፊት ለፊት፣ ጥይት በሚደርስበት ርቀት መልሕቋን ጥላ ቆመች። ሄንሪ ቤንቦው የተባለው ዋና መካኒክ የብረት ሳህን ቆርጦ፣ ቀዳዳዎቹን በስቶ፣ ቡሎኑን በእጁ ሠርቶ፣ አሥር ሰዓት ያህል ሳያርፍ ቦይለሩን ጠገነው። ቡሎኑን ከውስጥ ለመያዝ ሰው መግባት ስለነበረበት አንድ ልጅ ሰውነቱን በሞራ ተቀብቶ ገና ወዳልበረደው ቦይለር ገባ። በማግስቱ ጠዋት ሳፊያ እንደገና እሳት አንድዳ ሰዎቹን አተረፈች። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጄኔራሎቹ ብዙ ጽፈዋል። እኛ ግን ጀልባ ይዘን ካየን በኋላ ከጄኔራሎቹ ይልቅ የምናስበው ያንን መካኒክና ስሙ ያልተጻፈለትን ልጅ ነው።

ሁለተኛዋ ታሪከኛ መርከብ «መሊክ» ናት። በለንደን በ1896 ተሠርታ፣ ተፈታትታ፣ ቁርጥራጯ በመርከብና በባቡር ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ፣ በሱዳን እንደገና ተገጣጥማ በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት ላይ ዋለች። በ1926 የብሉ ናይል የጀልባ ክለብ ቤት ሆነች። የጦር መሣሪያዋ ወርዶ የሻይ ጠረጴዛ ተዘረጋባት። በ1980ዎቹ መጨረሻ በመጣው ጎርፍ ከውኃው ወጥታ ደረቅ መሬት ላይ ቀረች። በካርቱም የኖራችሁ ሁሉ በዓባይ ዳር መንገድ ስታልፉ ታዩዋት የነበረችው አሮጌ ብረት እሷ ናት። ልጆቻችንን ወስደን «ይህቺ መርከብ ከአያቶቻችሁ አያቶች ጋር እኩያ ናት» ስንላቸው አያምኑም ነበር።

በአገራችንም ይኸው ነገር አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን በጣና ላይ የሞተር ጀልባዎች ታዩ። ከዚያም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው ጀልባ ለብዙ ዓመታት የሐይቁን ሰው አመላልሷል። ከ1986 ጀምሮ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በኔዘርላንድስ ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ለጣና ዓሣ አጥማጆች ደረሰ። በ2025 «ጣናነሽ 2» የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ተጭና ወደ ጣና ጉዞ ስትጀምር፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ሲመለከታት እኛም በስልካችን ተከታተልን። ጀልባን በየብስ መጎተት የመሊክ ታሪክ ነው፤ አሁንም አላለቀም አልን።

የእኛዋ «እማማ»

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ጀልባዋን የገዛናት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሰው ነው። አምስት ሜትር የማትሞላ የፋይበርግላስ ጀልባ ስትሆን፣ ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ተገጥሞላታል። ፈቃዷ በአንድ ሱዳናዊ ወዳጃችን ስም ነበር። ልጆቹ በዕድሜዋ ምክንያት «እማማ» አሏት፤ ስሙም ጸናባት። መካኒካችን፣ ዓም ብለን የምንጠራው የመንጣቃ ሰናዒያ ሽማግሌ፣ ሳይቀር «ማማ ዛሬ እንዴት አደረች?» ይል ነበር።

ዋጋዋ ርካሽ ነበር። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ያወቅነው ግን ከገዛናት በኋላ ነው። ዓም መጥቶ የኋላ ሳንቃዋን በመዶሻ እጀታ እየመታ አዳመጠ። ጤነኛ ሲሆን ድምፁ ጥርት ይላል፤ የእኛዋ ግን እንደ ጆንያ ደነዘዘ። በፋይበርግላሱ መካከል ያለው እንጨት በቡሎን ቀዳዳዎች በኩል ውኃ እየገባበት በስብሶ ኖሯል። ሞተሩ የሚሰቀለው በዚያ ሳንቃ ላይ ስለሆነ፣ ሳንቃው ከተገነጠለ ሞተሩ ወንዝ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሳንቃው ተቆርጦ ወጣ። አዲስ ኮምፔንሳቶ በድርብ ተጣብቆ ገባ፣ በፋይበርና በሙጫ ተሸፈነ፣ የቡሎኑ ቀዳዳም ሁሉ ታሸገ። የጥገናው ገንዘብ ጀልባዋን ከገዛንበት በለጠ። ከእትዬዎቹ አንዷ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እናንተ ናችሁ» ያሉን ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሥርዓት ያዝነው። ሦስቱ ቤተሰቦች በወር በወር የምንጥለው የጀልባ ዕቁብ አቋቋምን። ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ ስለሆነ ሁልጊዜ የሚደርሰው ለእማማ ነው እያልን እንቀልድ ነበር። ወጪው በደብተር ይጻፋል፤ ደብተሩም በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ደብተሩ ይነበባል። ካንዴላ፣ ዘይት፣ የቤንዚን ቱቦ፣ ገመድ፣ ቀለም። እውነቱን ለመናገር ከጀልባዋ ላይ ካሳለፍነው ጊዜ ይልቅ ስለ ጀልባዋ ቡና ላይ ያወራነው ይበልጣል። ልጆቻችን አማርኛቸውን ያጠሩበትም አንዱ ቦታ ይህ ደብተር ነበር፤ ሒሳቡን የሚጽፉት እነሱ ነበሩና።

ደለል

በካርቱም ጀልባ ያለው ሰው ከሁሉ በላይ መፍራት ያለበት ደለልን ነው። ሱዳኖች ደሚራ የሚሉት የሙላት ወቅት ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ሲሆን፣ የዓባይ ውኃ በዚያ ጊዜ ቡናማ ይሆናል። ያ አፈር የጎጃም፣ የወሎ፣ የሸዋና የወለጋ አፈር ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት አገር ቤት ሳለን ብዙ ብለነዋል፤ ግንዱ ጀልባችንን ሲገፋት ያየነው ግን እዚህ ነው።

የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከወንዙ በሚስበው ውኃ ነው። በሞተሩ እግር ውስጥ የጎማ ክንፎች ያሏት ትንሽ ፓምፕ አለች። እሷ እየተሽከረከረች ውኃውን ወደ ላይ ትገፋለች፣ ውኃውም ሞተሩን አቀዝቅዞ ይወጣል። ከሞተሩ ጎን እንደ ሽንት ቀጭን ሆኖ የሚፈሰው ውኃ ፓምፗ መሥራቷን የሚያሳይ ምልክት ነው። ደለሉ ግን እንደ ወፍጮ ነው፤ የጎማ ክንፎቹን እየፈጨ ይጨርሳቸዋል፣ ቀጭን ቱቦዎቹንም ይደፍናል። በንጹሕ ውኃ ብዙ የምታገለግል ፓምፕ በደሚራ ቶሎ ታልቃለች። ዓም ሁሌ ይመክረን ነበር፦ «ከደሚራ በፊት ፓምፗን ለውጡ፣ ከወንዝ በተመለሳችሁ ቁጥር በንጹሕ ውኃ እጠቡ።»

አንድ ዓመት ይህን ምክር አልፈጸምንም። የዕቁቡ ገንዘብ ነበረን፤ ለፓምፗም ተመድቦ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን የአንዱ እናት በአገር ቤት ታመሙና ለሕክምና ገንዘብ መላክ አስፈለገ። ሁላችንም ተስማምተን ሰጠን። ፓምፗን ለደሚራ ማግስት አቆየናት። እስከዚህ ድረስ ያጠፋነው ነገር አልነበረም። ጥፋታችን የሚጀምረው በነሐሴ መጨረሻ አንድ ዓርብ ቀን ልጆቹ ለምነውን ጀልባዋን ስናወጣ ነው። «ትንሽ ብቻ፣ እስከ ድልድዩ» አልን።

ከመንሺያ በኩል ተነሥተን ወንዙ መካከል ስንደርስ ያ ቀጭን ውኃ ቆመ። ማናችንም አላየነውም፤ ሙዚቃ ተከፍቶ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን፣ ሞተሩም ተንፈቅፍቆ ዝም አለ። በጀልባዋ ላይ ሦስት ጎልማሶችና አራት ልጆች ነበሩ። የደሚራ ዓባይ ሲወስድ ድምፅ የለውም። ባንኩ እየሸሸ፣ የቡሪ በኩል ድልድይ ምሰሶዎች እየቀረቡ መጡ። መልሕቁን ጣልን፤ ገመዱ አጭር ነበርና መሬት አልነካም። ረዥሙን ገመድ ለማጠብ ቤት ወስደነው ረስተነዋል። መቅዘፊያ አንድ ብቻ ነበረን። አንዷ ልጅ «አባዬ፣ እማማ ሞተች?» ብላ ስትጠይቅ የሚመልስላት አልተገኘም።

ያተረፈን አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። በእንጨት ጀልባው እየቀዘፈ መጥቶ ገመድ ወረወረልን፤ በጅረቱ አግድም ሳይሆን ከጅረቱ ጋር አብሮ እየወረደ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ጎተተን። ከምሰሶዎቹ አልፈን፣ ብዙ ርቀን፣ አሸዋ ላይ ወጣን። ገንዘብ ብንሰጠው አልቀበልም አለ። «ልጆቹን ውኃ እንዲለብሱ አታድርጉ፣ ጃኬት አልብሱ» ብሎን ተመለሰ። እንጨት ጀልባው ከእኛዋ በዕድሜ የምትበልጥ ይመስለናል፤ ግን መገጣጠሚያዋ ሁሉ ተደፍኗል፣ ገመዷም ሙሉ ነበር።

በዚያ ምሽት በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዱ «ገንዘቡን ባንሰጥ ኖሮ» አለ። እናቱ የታመሙበት ሰው አንገቱን ደፋ። ነገሩ ወዳጅነታችንን ሊያፈርስ ተቃርቦ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌያችን ጋሼ «ገንዘቡ የሄደው ለእናት ነው፤ ጀልባዋን ያወጣነው ግን ለደስታ ነው። ሁለቱን አታቀላቅሉ» አሉን። ነገሩ በዚያው ተቋጨ። ገንዘቡን በመስጠታችን ዛሬም አንጸጸትም። የምንጸጸተው ያልተጠገነች ጀልባ በማውጣታችን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ልጆቹ «ውኃው ካልፈሰሰ እንመለሳለን» ብለው ጻፉ።

የ2020 ሙላት

በ2020 በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ደርሶ በ1946 እና በ1988 ከተመዘገቡት ከፍታዎች አለፈ። የሱዳን መንግሥት ለሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። በቱቲ ደሴት፣ በጅሬፍና በሌሎችም የወንዝ ዳር ሰፈሮች ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ በጆንያ አሸዋ እየሞላ ወንዙን ሲከላከል አደረ። ከማኅበራችንም በጅሬፍ የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

እማማ በዚያን ጊዜ ፓምፗ አዲስ ነበረች፣ ረዥም ገመድ፣ ሁለት መቅዘፊያና ለሁሉም የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬት ነበራት። ውኃ ከከበባቸው ግቢዎች ሰውና ዕቃ፣ ፍራሽና ጋዝ ሲሊንደር፣ አንድ ጊዜም ሁለት ፍየሎች አወጣች። ትልቅ ሥራ ሠራን ብለን አንመካም፤ በሰፈሩ ብዙ ጀልባዎች ነበሩ። ነገር ግን «ለምን ይህን ያህል ገንዘብ በአሮጌ ጀልባ ላይ ታፈሳላችሁ?» ይሉን የነበሩት እትዬ፣ ከጎርፉ በኋላ ሳንጠይቃቸው የዕቁቡ አባል ሆኑ።

ዛሬ ወንዙም እየተለወጠ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መስከረም 9 ቀን 2025 ተመርቋል። ውኃውም አፈሩም መጀመሪያ የሚያርፈው በግድቡ ሐይቅ ነው። በ1966 የተሠራው የሮዘሪስ ግድብ ከመያዣ አቅሙ ጉልህ ክፍል በደለል እንዳጣ ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከእኛ በኋላ ጀልባ የሚይዙ ልጆች እኛ ያወቅነውን ቡናማ ደሚራ ላያውቁት ይችላሉ። በጣና ደግሞ ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባል ሌላ ጠላት መጥቷል፤ ይኸው አረም በነጭ ዓባይ የታየው በ1958 ነው። እምቦጭ ባለበት ውኃ ሞተር ማስነሣት ፕሮፔለሩን በሥር መጠምጠም ነውና፣ ጀልባ ያለው ሰው የአረሙን ወሬ በየቀኑ መጠየቅ አለበት።

ለወደፊት ባለ ጀልባዎች

ልጆቻችን እንዲጠቀሙበት ከደብተሩ ያወጣነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት የኋላውን ሳንቃና ወለሉን እየመታችሁ አዳምጡ። ቀለም ያታልላል፣ ድምፅ ግን አያታልልም።

ሁለተኛ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ልኩን ከሞተሩ መጽሐፍ እዩ። ዘይት ያነሰው ሞተር ፒስተኑ ይነክሳል፣ ዘይት የበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል። ቤንዚን ለወራት በታንክ ውስጥ አታቆዩ፣ ካርቡራተሩን ይደፍናል።

ሦስተኛ፣ የሞተሩን እግር የጥርስ ዘይት በየጊዜው አፍስሳችሁ እዩ። ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቷል ማለት ነውና ማኅተሙ ይለወጥ።

አራተኛ፣ የካርቱም ፀሐይ ፋይበርግላስ ይሰነጥቃል፣ ሀቡብም አቧራውን በየቀዳዳው ያስገባል። ጀልባውን በሸራ ሸፍኑ፣ ከዳስ በታች አቁሙ።

አምስተኛ፣ ረዥም ገመድ፣ መልሕቅ፣ ሁለት መቅዘፊያና ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት ሳይኖር ከዳር አትነሡ። ገመዱን ለማጠብ ወደ ቤት ከወሰዳችሁት፣ እስክትመልሱት ድረስ ጀልባዋም አትውጣ።

ማጠቃለያ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ሪያድ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ተኩስ ውስጥ ገባች። ከእኛ አንዱ ቤተሰብ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ፣ አንዱ ወደ ፖርት ሱዳን፣ አንዱ ወደ ግብፅ ሄደ። ማንም ወደ ወንዙ ዳር መውረድ አልቻለም። እማማ በዳሱ ሥር፣ በሸራዋ እንደተሸፈነች ቀረች። የሱዳን ጦር በመጋቢት ወር 2025 ከተማዋን መልሶ መያዙን ካስታወቀ በኋላ ወደ ካርቱም የተመለሱ ወዳጆች አሉን፤ ስለ እሷ ግን ወሬ አልደረሰንም። ዓምም የት እንዳለ እስካሁን አላገኘነውም። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የሚያውቀው ከሆነ፣ ሰላምታችንን ያድርስልን።

ከጀልባዋ የቀረልን ጥቂት ነገር ነው። አንዱ ቤት ቁልፏ አለ። ሌላው ቤት፣ ታጥባ ስትደርቅ ውኃ የሚወጣባት የወለሏ ቡሽ አለች፤ በየጊዜው እንዳትጠፋ ኪስ ውስጥ ስለምትቀመጥ ሳናስበው ይዘናት ወጣን። ሦስተኛው ቤት ደብተሩ አለ። የመጨረሻው መስመር በመጋቢት 2023 የተጻፈ ሲሆን «ፓምፕ፣ ለደሚራ፣ ተገዝቷል» ይላል። በልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ነው።

አንዳንድ አባላት «ለአንድ አሮጌ ጀልባ ይህን ያህል?» ሊሉን ይችላሉ። እኛ ግን የምንለው ይህ ነው። ማኅበራችንም እንደ እማማ ነው። አሮጌ ነው፣ ብዙ ሰው ተፈራርቆበታል፣ ሁልጊዜ የሚጠገን ነገር አለው፣ በየወሩ መዋጮ ይጠይቃል። ዛሬ ሰዉ ተበትኗል፣ ደብተሩም ከቤት ወደ ቤት መዞር አቁሟል። ግን ደብተሩ አልጠፋም። ከዚህ በዓል ጀምሮ እያንዳንዳችን በያለንበት ከተማ ትንሽ ትንሽ መጣል እንጀምር፤ ለጀልባ ሳይሆን፣ በካርቱምም በሌላውም የተቸገሩ የማኅበራችን ቤተሰቦች እንዲረዱበት። እኛ ሦስቱ ቤተሰቦች የጀልባዋን ዕቁብ የቀረ ገንዘብ ለዚሁ ሰጥተናል። በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይም የመጀመሪያው መስመር ተጽፏል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በአንድነት ያድርሰን። ለሱዳንም፣ ለአገራችንም፣ ለዓባይ ዳር ሰው ሁሉ ሰላም ይስጥልን። አሜን።

የሪያድ ሰፈር ሦስቱ ቤተሰቦች